አንድ ኪኒን፣ ሁለት ወንድማማቾች

ከዙህር ሶላት በኋላ ከሚሴ ላይ ጥላ የማይፈልግ የለም። ከተማዋ የተቀመጠችው 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቦርከና ወንዝ ከሚያጠጣው ከጨፋ ሜዳ የሚነሳው ሙቀት የቤቱን ቆርቆሮ ያግለዋል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ደግሞ አቧራውን ይጨምርበታል። በዚህ ሰዓት ሁለቱ አጎቶቼ ከትልቁ ግቢ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተጋድመዋል። መካከላቸው ሁለት ጥቁር ፌስታል አለ።

አንዱ ፌስታል የትልቁ፣ ሌላው የትንሹ ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለው ነጭ ክብ ኪኒን ግን አንድ ነው፤ ሜትፎርሚን፣ 500 ሚሊ ግራም። ባለቤቶቹም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ዳዋ ጨፋ ውስጥ ከአንድ ገበታ ማሽላ እየበሉ አደጉ፣ ስኳር እንዳለባቸውም በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው አወቁ።

ትንሹ አጎቴ ካርዱን አውጥቶ አሳየኝ። በባዶ ሆድ 238 የነበረው ስኳሩ በአራት ወር ውስጥ 131 ገብቷል። «ተስማምቶኛል» አለ፣ አዲስ ጫማ እንደገዛ ሰው። ትልቁ አጎቴ ካርዳቸውን አላወጡም።

«እኔንማ ሆዴን አጥቦ ሊገድለኝ ነበር» አሉ። በኋላ እንዳየሁት ስኳራቸው ከ244 ወርዶ 219 ላይ ቆሟል።

የሚያበሳጫቸው ግን ሆዳቸው አይደለም፤ ቁጥሩም አይደለም። ለክትትል በሄዱ ቁጥር የሚገጥማቸው አንድ ጥያቄ ነው። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እየዋጡት ነው?» ይባላሉ። «ወላሂ እየዋጥኩ ነው ልጄ» ይላሉ። ጠያቂዋ ራሷን ነቅንቃ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ አያውቁም፤ ነገር ግን ይገምታሉ።

ጥያቄዋ ክፉ አይደለም። ኪኒኑን የሚያቋርጥ ታካሚ ብዙ ነው፤ በገንዘብ እጥረት፣ በመድኃኒት መጥፋት፣ በርቀት፣ አንዳንዴም «ዳንኩ» በማለት። ችግሩ ጥያቄው የመጀመሪያም የመጨረሻም ምርመራ ሲሆን ነው። አማርኛችን መድኃኒትን እንደ ልብስ፣ እንደ ውኃ፣ እንደ አገር አየር ነው የሚያየው፤ ለአንዱ ይስማማል፣ ለአንዱ አይስማማም። ሳይንሱ ደግሞ ከሃያ ዓመት ወዲህ ይህንኑ ነገር በዘረ-መል ፊደል ሊጽፈው እየሞከረ ነው። ጽሑፉ ገና አላለቀም፤ ግማሹም በእኛ ደም አልተጻፈም።

ሜትፎርሚን ሲዋጥ መጀመሪያ አንጀት ይገባል፣ ከዚያ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጉበት። ዋናው የሥራ ቦታው ጉበት ነው። ጉበት ስንተኛም ስንጾምም ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይልካል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ጉበት ይህን ሥራ መቼ ማቆም እንዳለበት ይጠፋዋል፣ ሜትፎርሚን የሚያደርገውም ያንን ምርት መቀነስ ነው። ጉበት ውስጥ ለመግባት ግን በር ያስፈልገዋል። በራሱ ሰርጎ የሚገባ ዓይነት ኬሚካል አይደለምና ኦሲቲ-1 በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው የሚያልፈው።

የደሴን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ኦሲቲ-1 ኬላ ነው። ሰፊ ኬላ ካለ ጭነቱ ያልፋል፣ ጉበት የሚፈልገው ይደርሰዋል። ኬላው ከጠበበ መድኃኒቱ ከውጭ ይጠራቀማል፤ አንጀት ውስጥና ደም ውስጥ ይቆያል፣ በመጨረሻም ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ሜትፎርሚን ሰውነት ውስጥ አይፈጭም፤ እንደገባ ሳይለወጥ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው የኩላሊት አቅም እጅግ ለወረደበት ሰው የማይታዘዘው።

የኬላው ንድፍ ያለው ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ፕሮቲኑ 554 አሚኖ አሲዶች ተሰካክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። አንዳንድ ሰው በውርስ ከዚህ ሰንሰለት 420ኛዋን ቀለበት፣ ሜቲዮኒን የምትባለዋን፣ አያገኝም። አንዲት ቀለበት ናት፤ በሩ ግን እንደ ድሮው አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ለውጥ ያላቸውንና የሌላቸውን ጤነኛ ፈቃደኞች ሜትፎርሚን አውጠው ስኳር አጠጧቸው። ለውጡ ያላቸው ሰዎች ስኳር በመድኃኒቱ እንደሌሎቹ አልወረደም። ፈቃደኞቹ ሃያ ብቻ ቢሆኑም የመድኃኒት አለመስማማት የሚታይ ምክንያት እንዳለው ያመለከተ ሥራ ነበር።

ሁለት ወንድማማቾችስ እንዴት ይለያያሉ? ወንድም ከወንድሙ ጋር በአማካይ ዘረ-መሉን በግማሽ ይጋራል እንጂ ቅጂው አይደለም። አንዲት ዘረ-መል ብቻ ብንወስድ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከእናትም ከአባትም ያንኑ ቅጂ የመውረሳቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። ምንም አለመጋራታቸውም ከአራት አንድ። አጎቶቼ በአፍንጫ ይመሳሰላሉ፤ በኬላ ግን ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

«ታዲያ የኔ ኬላ ተዘግቷል ማለት ነው?» አሉ ትልቁ አጎቴ፣ ይህን ስነግራቸው።

«ቀረጥ አልከፈሉም ይሆናል» አለ ትንሹ። ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ኬላ መዘጋቱን የማውቅበት መንገድ የለኝም። የነገሩ ሳይንስም በ2007 አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች የ7,968 ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አጠራቅመው የሜትፎርሚን በሮች የሚባሉትን ዘረ-መሎች ሲፈትሹ፣ የበሮቹ ልዩነት ስኳሩ በምን ያህል እንደሚወርድ ላይ ይህ ነው የሚባል ተጽዕኖ አላገኙበትም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ በታካሚዎች መረጃ ላይ የወጣ ስሌት፣ ሰዎች ለሜትፎርሚን በሚሰጡት ምላሽ መካከል ካለው ልዩነት እስከ 34 በመቶ የሚሆነው በውርስ ሊብራራ እንደሚችል አሳየ። ሁለቱ አይጣረሱም። ውርሱ አለ፤ ነገር ግን በአንድ በር የተንጠለጠለ አይደለም፤ በብዙ ትናንሽ ልዩነቶች ተበትኖ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ግን ማጉረምረሜ አይቀርም። ያ የ7,968 ሰዎች ደም ዝርያቸው ከአውሮፓ የሆነ ሰዎች ደም ነው። የዳንዲውም እንዲሁ። የሰው ልጅ የዘረ-መል ልዩነት በብዛት የሚገኘው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ «ተጽዕኖ የለውም» የሚለው ፍርድ የተሰጠው ልዩነቱ ባነሰበት አህጉር ነው። የስኮትላንዱ ገበሬ ውጤት ለዳዋ ጨፋው ገበሬ ይሠራ ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል፤ ሳይለኩ መማል ግን አይቻልም።

ለመለካት የተጀመረ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማሌዢያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስዱ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎችን ተከታትለው አንድ ጥናት አሳተሙ። የጎደለችዋ 420ኛ ቀለበት ከመድኃኒቱ ውጤት ጋር ተያይዛ ተገኘች። የታካሚዎቹ ቁጥር መቶ አይሞላም፤ እንደዚህ ያለ ትንሽ ጥናት በር ያንኳኳል እንጂ ቤት አይገባም። ቢሆንም በእኛ ሰው ደም የተንኳኳ በር ነው።

ስለ ሆድ ማጠቡ ደግሞ ማስረጃው ከስኳሩ መውረድ ይልቅ የጠነከረ ነው። ሜትፎርሚን ከጀመሩ ሰዎች ከአምስት አንዱ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆዱን ይረብሸዋል፤ ከመቶ አምስት ያህሉ ጭራሽ ሊወስደው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዳንዲ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን መቋቋም ያቃታቸውን 251 ሰዎች ከተስማማቸው 1,915 ጋር አነጻጸሩ። ከእናትም ከአባትም የተዳከመ ኬላ የወረሱት መድኃኒቱን ያለመቋቋም ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ኬላውን የሚያጣብብ ሌላ መድኃኒት አብረው ሲወስዱ ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ።

ከእነዚያ ኬላ አጣባቢ መድኃኒቶች መካከል ኦሜፕራዞልን የመሰሉ የጨጓራ መድኃኒቶች ይገኛሉ። ይህን ሳነብ ከሚሴ ትዝ አለችኝ። በዚህ አገር «ጨጓራዬ» የማይል ጎልማሳ ስንት ነው? ኦሜፕራዞልስ ከየትኛው ፋርማሲ ይጠፋል? ወደ ምንጣፉ ተመልሼ የትልቁን አጎቴን ፌስታል ሥር ስፈትሽ አንድ ሉክ ኦሜፕራዞል ወጣ። «ሜትፎርሚኑ ሆዴን ሲያቃጥለኝ ገዛሁት» አሉ። ለሐኪሙ ነግረዋል? አልነገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። የተጠየቁት «ይውጡታል ወይ?» ብቻ ነው።

ኢትዮጵያውያን በመድኃኒትና በዘረ-መል ጥናት ዓለም ውስጥ ስማቸው የሚነሳው ግን በስኳር አይደለም፣ በሕመም ማስታገሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው፣ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚፈጭ ኢንዛይም በኢትዮጵያውያን ላይ መረመሩ። ከመቶ 29ኙ የዚህ ዘረ-መል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ሰው ከሁለቱ ወላጆቹ አንዳንድ ቅጂ መያዝ ሲገባው፣ ከእኛ ብዙዎቹ ሦስትም ከዚያም በላይ ይዘው ይወለዳሉ። ኮዴይን ሲውጡ ኢንዛይሙ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ለሌላው ሳል የሚያስታግሰው መጠን ለእነሱ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። የአሜሪካ የኮዴይን መረጃ ወረቀት ይህን ባሕርይ ሲዘረዝር «ኢትዮጵያውያን» ብሎ በስም ይጠራ ነበር፤ ከሰሜን አፍሪካውያንና ከዓረቦች ጋር ደምሮ ከ16 እስከ 28 በመቶ ብሎ።

ሲዋይፒ2ዲ6 ሜትፎርሚንን አይነካም። ያነሳሁት ከዚያ ጥናት በኋላ በመጣው ነገር የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዶክተር እሌኒ ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ከአገር ቤት ነዋሪዎች ጋር አወዳደሩ። አንድ ዓይነት ዘረ-መል ያላቸው ሰዎች አገር ቤት ሲሆኑ ኢንዛይማቸው ቀስ ይላል፤ ስዊድን ሲሆኑ ይፈጥናል። ደሙ ያው ነው፣ ኑሮው ሌላ ነው። ምግቡ ይሆን፣ ቅመሙ ይሆን፣ ሌላ ነገር ይሆን እያሉ ሲፈልጉ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኢትዮጵያውያንና የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት አንዱን ተጠርጣሪ በስሙ ጠራው፤ ጫትን። ጫት የቃሙ ኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ኢንዛይማቸው ካልቃሙበት ጊዜ ይልቅ ተዳክሞ ተገኘ።

ከሚሴ ላይ ይህን ማንበብ ሌላ ነው። እዚህ ጫት የከሰዓት ሥራ ነው፤ የዱዓም፣ የወሬም፣ የሽምግልናም ጓደኛ ነው። ለስኳር ታካሚ ግን የጫቱ መዘዝ ከኢንዛይሙ በፊት አብሮት በሚጠጣው ይጀምራል። ምሬቱን ለማጥፋት ሻዩ ስኳር ሞልቶበት ይመጣል፣ ለስላሳው ከበረዶ ጋር ይከፈታል፣ ራት ይዘለላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ትንሹ አጎቴ ጫቱን አልተወም፤ ሻዩን ግን ያለ ስኳር መጠጣት ጀምሯል። ትልቁ አጎቴ በተቃራኒው ጫት አይነኩም፣ ሻያቸው ግን ሦስት ማንኪያ ነው። ኬላውን ከመወንጀሌ በፊት ማንኪያውን መቁጠር ነበረብኝ።

ሌላው ኪኒን ግሊበንክላማይድ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ካልበቃ ወይም ካልተስማማ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው እሱ ነው። የሚሠራው ቆሽት ላይ ነው፤ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሶች ይጨምቃቸዋል፣ ሰውየው በላም አልበላም። የሚፈጨው ሲዋይፒ2ሲ9 በሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በውርስ የሰነፈበት ሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይቆይበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዳንዲ የወጣ ጥናት ሁለት የሰነፉ ቅጂ የወረሱ ታካሚዎች የታለመላቸው የስኳር መጠን ላይ የመድረስ ዕድላቸው ከሌሎቹ 3.4 እጥፍ መሆኑን አሳየ። ለስኳሩ ጥሩ ዜና ነው፤ ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድ ለሚፈራ ሰው ግን ጥሩ ዜና አይደለም። ዶክተር እሌኒ የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2001 ጥናት ከእነዚህ ሁለት የሰነፉ ቅጂዎች አንዱን በኢትዮጵያውያን ዘንድ 4 በመቶ፣ ሌላውን 2 በመቶ ገደማ አግኝቷቸዋል። ከጣልያኖቹ ያንሳል፤ ቢሆንም ባዶ አይደለም።

ረመዳን ላይ ይህ ሁሉ መልኩን ይቀይራል። በ13 አገሮች 12,243 ሙስሊም የስኳር ታካሚዎች የተካፈሉበት ሰፊ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው አምስት ሰዎች አራቱ ያህል ከወሩ ቢያንስ 15 ቀን እንደሚጾሙ አሳይቷል። በዚያ ወር ስኳር ክፉኛ ወርዶ ሆስፒታል የመግባት አደጋ በ7.5 እጥፍ ጨምሮ ነበር። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ወደዚያ አይጥልም። ግሊበንክላማይድ ግን ይጥላል፤ ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ዝርዝር ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይሆን ማስታወሻ አስፍሮበታል። ትልቁ አጎቴ 67 ናቸው። ረመዳንን ሳይጾሙ ያሳለፉበትን ዓመት አያስታውሱም። «አልዋጡትም» ተብለው በሜትፎርሚኑ ላይ ግሊበንክላማይድ ቢጨመርላቸው፣ የተሳሳተ ግምት ከሰሁር እስከ ፍጡር በሚዘልቅ ባዶ ሆድ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

የዘረ-መል ምርመራ እንደ ምትሐት የሚሠራበት ቦታ የለም ለማለት አይደለም። ገና በጨቅላነታቸው ስኳር የሚይዛቸው ሕጻናት አሉ። ከእነሱ ገሚሱ በሽታው የመጣባቸው ኢንሱሊን አምራቹን ሕዋስ የሚከፍትና የሚዘጋው መስመር በአንዲት የዘረ-መል ለውጥ ስለተበላሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲህ ያሉ 49 ታካሚዎች ከኢንሱሊን ወደ እነግሊበንክላማይድ ጎራ ሲዛወሩ 44ቱ መርፌውን ጭራሽ ጣሉት። ከልደት ጀምሮ ሲወጉ የኖሩ ልጆች ኪኒን ውጠው ወጡ። ያ ግን ብርቅ በሽታ ነው። ለአጎቴ ዓይነት ስኳር፣ ሜትፎርሚን ከመታዘዙ በፊት ዘረ-መል ይመርመር የሚል የሕክምና መመሪያ የለም፤ ዛሬ ከሚሴ ላይ ያ ምርመራ ቢኖር እንኳ የሐኪሙን ውሳኔ ብዙም አይቀይረውም። የሚቀይሩት ነገሮች ርካሽ ናቸው። ኪኒኑን ከምግብ መሀል መዋጥ፤ በግማሽ መጠን ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ መጨመር፤ ከተገኘም ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዓይነት መሞከር፤ ኩላሊትን ማየት፤ ሌላ ምን እንደሚዋጥ መጠየቅ።

ደግሞም በሽታው በእርግጥ ሁለተኛው ዓይነት መሆኑን ማጣራት። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነዶክተር ሺታዬ ዓለሙ ለዓመታት የተከታተሏቸው ከገጠር የሚመጡ ከሲታና ድሃ ወጣቶች አሉ። ስኳራቸው ከውፍረት ጋር አይገናኝም፤ ኢንሱሊን ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ረሃብ ያዩ ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲህ ያለውን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሜትፎርሚን ላይስማማ የሚችለው በሩ ጠቦ ሳይሆን ከመጀመሪያው በሽታው ሌላ ሆኖ ነው። አጎቴ ግን ቦርጫም ናቸው፤ እሳቸውን አይመለከትም።

ፀሐይዋ ወደ ጨፋ ስትዘነብል ትንሹ አጎቴ ለአስር ሶላት ተነሳ። ትልቁ አጎቴ የቀጠሮ ካርዳቸውን ሰጡኝና ቀኑን እንዳነብላቸው ጠየቁ። ሦስት ሳምንት ቀርቷል። የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው እንዲሄዱ፣ ከመጠየቃቸው በፊት እሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ እንዲዘረግፉት ነገርኳቸው። ሜትፎርሚኑን አስገቡ። ኦሜፕራዞሉን አስገቡ። ቤት ገብተው ለወገባቸው የገዙትን ኪኒን ይዘው መጡ፤ ስሙ ተፍቋል። ከዚያ ቆም ብለው አሰቡና በባለቤታቸው እጅ የተቋጠረች ትንሽ ጨርቅ ከኪሳቸው አወጡ፤ ጥቁር አዝሙድ ነው፣ ማታ ማታ ከማር ጋር የሚቅሙት።

«ከማር ጋር?» አልኳቸው።

«አንድ ማንኪያ ነው» አሉ። ቋጠሮውን በመዳፋቸው መዘኑት። «ይኼንንስ ላሳያት?»

«ያሳዩዋት።»

ፌስታሉ ውስጥ ጨመሩት።